ወገብ ያላት ዶቃ

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። ወደ ቆራጩ የገባው በበር መስታወት በኩል ነው።

መስታወቱ ብርሃን እንጂ መልክ የማያሳልፍ ዓይነት ነው። ከበሩ ወዲያ የባለ መርፌዋ ክፍል ነው፤ ከወዲህ ኮሪደሩ። ቆራጩ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ። በክርኑ ገፋ አድርጎ ሊገባ ሲል መስታወቱ ላይ ሁለት ጥላ አየ። አንዱ የእሷ ነው፤ ያን አንገት ከመቶ አንገት መሀል ይለየዋል። ሌላው ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ። ጥላዎቹ ጎንበስ አሉ። ተጠጋጉ። ከዚያ አንድ ሆኑ።

ሻዩ ጣቱን ፈጀው። አላስቀመጠውም። ወደ መጣበት ተመለሰና ሁለቱንም ብርጭቆ ራሱ ጠጣ፤ አንዱን ለጥም፣ አንዱን ለንዴት።

ቆራጩ ሥጋ ወይም ጨርቅ የሚቆርጥ አይምሰላችሁ። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። የሚሠራው ከመሬት የወጣ የጥንት ዕቃ በሚጠገንበት ቤት፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው፤ የሚቆርጠውም ምስል ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር አንድ የደረቀ የጭቃ ጓል ተገኘ፤ ሁለት ጭብጥ የሚያህል። ውስጡ ዶቃ ሞልቶታል። የአንዲት ሴት የአንገት ጌጥ ሳይሆን አይቀርም። ክሩ በስብሷል፤ ዶቃዎቹ ተጣብቀዋል። ጓሉን ቢሰብሩት ዶቃው አብሮ ይሰበራል። ስለዚህ እንደ ሐኪም ቤት ራጅ ያለ፣ ግን ከሱ የረቀቀ ማሽን ጓሉን ከላይ እስከ ታች በስስ በስሱ እየገለጠ አነሳው። ገጾቹ ሲደራረቡ የጓሉ ሆድ ዕቃ ኮምፒውተሩ ላይ ቆመ፤ ዞር ቢሉ ከጀርባው፣ ጠለቅ ቢሉ ከመሀሉ ይታያል።

ችግሩ የዶቃዎቹ መነካካት ነው። ማሽኑ የተነካካውን ሁሉ አንድ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንዱን ከአንዱ መለየት የቆራጩ ሥራ ነው። እሱ ባሰመረው መስመር ባለ መርፌዋ በቀጭን መርፌ እየገባች ዶቃዎቹን ከጭቃው ታላቅቃቸዋለች።

«እንዴት ነው የምትለያያቸው?» ብላ ጠይቃው ነበር፣ በተዋወቁ ሰሞን።

«እልጣቸዋለሁ» አላት። «ከያንዳንዱ ዶቃ ስስ ልጣጭ አነሳለሁ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ሲከሱ ሲከሱ የተነካኩበት ቦታ ይበጠሳል። ለቀረው ፍሬ ለየብቻ ቀለም እሰጠዋለሁ። ከዚያ መልሼ አወፍራቸዋለሁ፤ ቀለምና ቀለም እንዳይቀላቀል ከልክዬ። የሚገናኙበት ላይ መስመር ይቀራል። እሱ ነው ድንበራቸው»

«አብዝተህ ብትልጥስ?»

«ትንንሾቹ ይጠፋሉ። ወገብ ያላት ዶቃ ደግሞ ወገቧ ላይ ትበጠሳለች። ሳትሆን ሁለት ትባላለች»

«ምስኪን!» አለች።

የወደዳት ያኔ ነው። ለዶቃ ያዘነች ሴት ለሰው አትጨክንም ብሎ።

እሷ የባለ ሕንፃ ልጅ ናት። አባቷ መኪና አቁሞ ሲጠብቃት ዘበኛው እንኳ ኮፍያውን ያስተካክላል። እሱ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። ይህን ልዩነት ሁለቱም ያውቁታል፤ አንስተውት ግን አያውቁም። የሚያገናኛቸው የክፍሉ ደንብ ነበር።

ደንቡን ያወጡት እትዬ ናቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ። ማሽንም ሰውም ብቻውን አይታመንም ይላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ምስሉን አይቶ «ይሄ አንድ ነው፣ ይሄ ሁለት ነው» እያለ ምልክት ያደርጋል። አንዱ የሌላውን አያይም። ከዚያ የሁለቱ ምልክት ይደራረባል። የተስማሙበት አረንጓዴ ይሆናል፤ ያልተስማሙበት ቀይ። ቀይ የሆነውን ተቀምጠው ይነጋገሩበታል፤ ሳይነጋገሩበት መርፌ አይገባም።

የቆራጩና የባለ መርፌዋ ሁሌም አረንጓዴ ነበር። እንደ ዝናብ ማግስት መስክ። ባልደረቦቻቸው «እናንተ ሁለት ሰው ናችሁ አንድ ዓይን?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ሌላው ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ አበባ ይልካል። የእነሱ ደብዳቤ ያ አረንጓዴ ነበር። አንድ ቀን ምልክታቸውን አይታ ስታበቃ፣ ዓይኗን ከምስሉ ሳታነሳ «እሑድ ቤት ትመጣለህ። አባዬ ይይህ» አለችው። ቆራጩ የዚያን ቀን አስፋልቱን ረግጦ ይሁን አየሩን፣ እንዴት ቤቱ እንደገባ አያውቅም።

ከዚያ ጓሉን አብሯቸው ሊመረምር እንግዳው መጣ። ባሕር ማዶ የተማረ፣ ስለ ጥንት ዶቃ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። አባቱና አባቷ የንግድ ሸሪኮች ናቸው። እሱና እሷ ልጅ ሆነው አብረው ተጫውተዋል። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ ጫማው ኮሪደሩ ላይ ሲራመድ ድምፅ የለውም። ቆራጩ ድምፅ የሌለው ጫማ አይወድም ነበር። ከዚያ በኋላ ጠላው።

ጥላዎቹን ባየበት ቀን ከሰዓት በኋላ ምልክት የማድረጉ ተራ ደረሰ። ሦስቱም በየክፍላቸው ተቀመጡ። ቆራጩ መላጥ ጀመረ። አንድ ልጣጭ፣ ደግሞ አንድ። ሁልጊዜ ከሚያቆምበት ደረሰና አላቆመም። ተጣብቆ ያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን ወጋው። ላጠ። ወገባቸው ቀጠን ያለ ዶቃዎች ተራ በተራ ተበጠሱ። «ሁለት» አለ ለብቻው። «ሁለት። ይሄም ሁለት»

በጓሉ መሀል ከሁሉ የምትበልጥ አንዲት ዶቃ ነበረች፤ እንደ ቅል መሀሏ የጠበበ። ልቡ ለአፍታ «አንድ ናት» አለው። እጁ አልሰማም። ወገቧ ላይ አሰመረ።

በማግስቱ እትዬ ምልክቶቹን በግድግዳው ስክሪን ላይ ደራረቡ። መጀመሪያ የባለ መርፌዋንና የእንግዳውን። አረንጓዴ ነው። ቀይ ነጥብ እዚህም እዚያም ብልጭ ከማለቱ በቀር አረንጓዴ።

«ይሄው፣ እኛ ተግባብተናል!» አለ እንግዳው እየሳቀ።

ቀጥሎ የእሷንና የቆራጩን። ቀይ። ኩፍኝ እንደወጣበት ሕፃን ከላይ እስከ ታች ቀይ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

ባለ መርፌዋ ዞር ብላ ቆራጩን አየችው። ያ አስተያየት ጥያቄ ነበር። እሱ እፍረት ነው ብሎ አነበበው። ያን አረንጓዴ ከሌላ ሰው ጋር አየው፤ የኔ ብቻ ነው ያለውን። ብታቅፈው፣ ብትስመው እንኳ እንደዚህ ባላመመው ነበር። የሱን ዓይን ሰጥታዋለች።

በደንቡ መሠረት ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ተቀምጠው በቀዩ ላይ መነጋገር ነበረባቸው። ቆራጩ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈና ባለ መርፌዋ ሳታይ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። «እሑድ አልመጣም። የሚመስልሽን አግኝተሻል» ይላል። ከዚያ ራሴን አሞኛል ብሎ ወጣ።

እናቱ በር ላይ ቁጭ ብላ በእግር በሚዘወረው መኪናዋ ትሰፋለች። ውጭ ያካፋል።

«ደህና መጣህ። የእሑዱ ኮት ደርሷል፤ ና ለካው»

«አልፈልገውም»

«ሆሆ! ኮቱ ምን አደረገህ?»

«እሑድ የሚባል ነገር የለም እማዬ። ተይው»

እናቱ መዘወሯን አቆመች። መቀሱን አስቀመጠች። ልጇ ስለ እንግዳው ነገራት፤ በአጭሩ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«እሷን ጠየቅሃት?»

«ምን ብዬ ልጠይቃት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል»

«ይባላል። የጠረጠረው ሲመነጠርም አይቻለሁ። ለሱ ግን ተረት ያወጣለት የለም»

«እማዬ፣ ቀልድ አላማረኝም»

«እኔስ መች ቀለድኩ? ስማ ልጄ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የነገርን ገበር አውቃለሁ። ከላይ ያለው ቅናት ነው። ገልበጥ ሲያደርጉት ፍርሃት ነው። የአባቷን ሳሎን ፈርተህ ነው። እዚያ ገብቶ መቀመጥ ከበደህ፤ ልጂቱ ከዳችኝ ማለት ቀለለህ»

«አልፈራሁም»

«እንግዲያው ኮቱን ለካው»

አልለካውም። እንጀራ እናት እንዳለችው ልጅ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ዝናቡን አየ። የእናቱ ቃል ገብቶት ነበር፤ ስለገባው ደግሞ ይበልጥ ተናደደ። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀዩን አረንጓዴ እያደረጉ ነው ብሎ አሰበ።

በማግስቱ ሥራ ሲገባ የባለ መርፌዋ በር ክፍት ነበር። በወንበሯ ላይ የተቀመጠው እንግዳው ነው። መርፌዎቿ በጨርቅ ተጠቅልለው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«እሷስ?» አለ ቆራጩ።

«ግባ» አለ እንግዳው። ዛሬ አልሳቀም። «በሩን ዝጋው»

ከፊቱ ትንሽ ሳህን አለች። በውስጧ የተሰበረች ዶቃ። መሀሏ ላይ፣ ወገቧ ላይ ለሁለት የተከፈለች። ስብራቱ አዲስ ስለሆነ ያብለጨልጫል። ቆራጩ አወቃት። በምስል ብቻ ነበር የሚያውቃት፤ አሁን ግን በቀለሟ ናት፤ ሰማያዊ።

«እትዬ ትላንት ሦስታችሁ ካልተቀመጣችሁ መርፌ አይገባም ብለው ነበር» አለ እንግዳው። «አንተ የለህም። እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ተጠሩ። እሷ መርፌዋን አነሳች። አንድ ናት፣ ዙሪያዋን ነው መሄድ ያለብሽ አልኳት። እኔም አንድ ናት ብዬ ምልክት አድርጌያለሁ አለችኝ። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ ስላት ምን አለች መሰለህ?»

ቆራጩ ዓይኑን ከሳህኗ አላነሳም።

«እሱ ሁለት ናት ብሏል አለች። አንቺ ራስሽ አይተሻል አይደል ወይ ብላት፣ እሱ እኔ ያላየሁትን አይቶ ነው እንጂ ዝም ብሎ አያሰምርም አለችኝ። መርፌውን በአንተ መስመር ላይ አስገባችው»

ውጭ ሰው አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ እንግዳው ጠበቀ።

«እትዬ ሲመጡ እጄ ስቶ ነው አለች። ያንተን መስመር አላነሳችም። እኔም እንዳላነሳ ዓይኗን አፍጥጣ ተቆጣችኝ። መርፌዋን ተቀማች። የቀረውን እኔ እንድጨርስ ታዘዝኩ» ሳህኗን በጣቱ ወደ ቆራጩ ገፋት። «ልዋሽህ አልፈልግም ወንድሜ፤ እኔ እዚህ የመጣሁት ለዶቃ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን የሚያስቡትን እኔም አስቤዋለሁ። ግን አየኸው? ዓይኗ ከኔ ጋር ነበር። እጇ ካንተ ጋር ሄደ። ከሁለታችን መቅናት የነበረበት ማን ይመስልሃል?»

ቆራጩ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

እትዬ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እትዬ፣ እሷ አይደለችም። መስመሩ የኔ ነው። አብዝቼ ልጬ ነው። አንድ መሆኗን እያወቅሁ ነው ያሰመርኩት»

«እያወቅህ? ለምን?»

«ቀንቼ»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። አስተዋሉት። «በዚህ ቤት ስንት ዘመን ሠራሁ። መብራት ጠፋብኝ፣ ማሽኑ ተበላሸብኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ የሚል ሰምቻለሁ። ቀንቼ ነው የሚል ሪፖርት ግን የት ላይ ነው የምጽፈው?»

«እንደነገርኩዎት ይጻፉት»

«እንደነገርከኝማ ብጽፈው አንተን ያባርሩሃል፤ በእኔ ይስቃሉ» አሉ። ከዚያ ቁጣቸው መጣ፤ ዘግይቶ ግን በደንብ። «ያቺ ዶቃ አፈር ውስጥ ስንት ትውልድ ስትኖር ምንም አልሆነች! ባንተ እጅ ስትገባ ዓመት እንኳ አልቆየችም! ልጅቷ መርፌዋን መልሳ ትያዝ። አንተ ግን ከዚህ ጓል ላይ እጅህን አንሳ። ሂድ ከፊቴ»

ባለ መርፌዋን ከግቢው ጀርባ አገኛት። ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ጭቃ የሚነፋበትን ወንፊት ታጥባለች። እጅጌዋን ጠቅልላለች። ሲመጣ አላየችውም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«እትዬ ጋ ነበርኩ» አላት። «ነገርኳቸው። መርፌሽ ተመልሶልሻል»

«ሰማሁ። ሲጮኹ ዘበኛው ሳይቀር ሰምቷል» ወንፊቱን ገለበጠችው። «ወረቀትህም ደርሶኛል። ቁጥብ ጸሐፊ ነህ»

«ወረቀቱን ያነበብሽው መቼ ነው? ዶቃዋ ከመሰበሯ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት»

«አንብበሽው … ከዚያም በኔ መስመር …?»

«ወረቀቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፣ መስመሩን ያሰመረው ሌላ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ» አለች። «በወረቀት ላይ የሚበሳጭ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አባዬ አንዱ ነው። በሥራው ላይ ግን አይዋሽም አልኩ»

ውሃው ይወርዳል። ቆራጩ ቧንቧውን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ፤ እጇን ሊነካ ሆነና መለሰው።

«ጥላችሁን አይቼ ነው» አለ። «በመስታወቱ። ሁለታችሁ … አንድ ስትሆኑ»

ባለ መርፌዋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ሳቅ ሊመጣ ሲል የቀረ ነገር፣ ከዚያ ንዴት አለፈ።

«ጥላ? አንተ? በአንድ ገጽ ላይ የተጣበቀ የሚመስል ነገር ጠለቅ ብለው ሲያዩት ይራራቃል እያልክ ስትሰብከኝ የከረምከው አንተ አይደለህ? እሱ እኮ መስኮቱ ጋ ነበር የቆመው! እኔ በሩ ጋ! መሀላችን ያ ሁሉ ጠረጴዛ! ጎንበስ ያልነው እሱ ወዲያ እኔ ወዲህ ሆነን ነው። አንድ እርምጃ ገብተህ ብታይ ኖሮ!»

«አልገባሁም»

«አልገባህም» ድምጿ ወረደ። «ጥፋትህ ያ ብቻ ነው፤ ግን በቂ ነው»

«ይቅር በይኝ» አላት።

«እልሃለሁ። ዛሬ አይደለም እንጂ እልሃለሁ። ራሴን አውቃለሁ» አለች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደርቆም ጠረገችው። «ስማኝ ግን። ትላንት ዓይኔ አንድ ናት አለኝ። ጥርት ብሎ አለኝ። አንተ ሁለት ስትል ዓይኔን ተጠራጠርኩ እንጂ አንተን አልተጠራጠርኩም። መርፌውን ወገቧ ላይ ሳሳርፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቅጭ አለች። ትንሽ ድምፅ ነው፤ የጣት ጥፍር ሲሰበር ያህል። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ»

«ዓለሜ …»

«ቆይ፤ አልጨረስኩም። ከእንግዲህ ሁለት ስትለኝ አያለሁ። አንድ ስትለኝም አያለሁ። አብሬህ እኖር ይሆናል፤ አብሬህ ልጅ አሳድግ ይሆናል። ግን እንደዚያ ጨፍኜ አንድ ነገር ውስጥ መርፌ አልሰድም። ያ ማመን ከዶቃዋ ጋር አብሮ ተሰብሯል»

«እሑድስ?»

«እሑዱን የሰረዝከው አንተ ነህ፤ እኔ አልሰረዝኩም። አባዬ ይጠብቅሃል። ብትመጣ በሩን እከፍትልሃለሁ። የምከፍትልህ ግን ያች የድሮዋ አይደለችም። ዕወቀው ብዬ ነው»

ወንፊቱን አንስታ ሄደች። ስትሄድ አልዞረችም። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ለአንዲት አፍታ እርምጃዋን ገታ አደረገች፤ ለመዞር ይሁን ለማልቀስ ከኋላ አይታወቅም። ከዚያ ገባች።

ቆራጩ ቧንቧው ሥር ቀረ። ቅናቱ የለቀቀው መስሎት ነበር። እንግዳውን አሰበው፤ ምንም አልተሰማውም። ምስኪን አለው እንዲያውም። አባቷን አሰበ፤ ሳሎኑንም፤ እሱም አላስፈራውም።

ከዚያ አንድ ሰው ትዝ አለው። እስከ ትላንት በዚህ ግቢ ወዲያ ወዲህ ሲል የነበረ ሰው፤ ይህች ሴት ከገዛ ዓይኗ አብልጣ ያመነችው፤ መታመኑንም ሳያውቅ በመስታወት ጥላ የሚሰልል ያ ሞኝ። ያ ሰው ሁሉ ነገር ነበረው። በእሱ ቀና። በማንም ቀንቶ በማያውቀው ቅናት፣ በገዛ ራሱ ቀና።